«ተመስገን» እላለሁ፤ ልቤ ግን ዝም ይላል

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

በእምነት ቤት ያደግሁ ሴት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጸሎት አቋርጬ አላውቅም። ከባድ የሚባል ጥፋት ውስጥም ገብቼ አላውቅም። አባቴ ሲታመም ብዙ ጸለይኩ፤ ግን አረፈ። ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ችግሬ ይህ አይደለም። ችግሬ ምስጋናዬ ባዶ መሆኑ ነው። በቀን ስንቴ «ተመስገን» እንደምል እንጃ፤ ከአፌ እንጂ ከልቤ አይወጣም። ታናሽ እህቴ ስትጸልይ እንባዋ ይወርዳል። እኔ አጠገቧ ቆሜ የነገ ሥራዬን አስባለሁ። እግዚአብሔርን ለምን እንደምወደው ብጠየቅ መልሱን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ፈጥሮኛል፣ ይጠብቀኛል፣ ሞቶልኛል። ግን የፈተና መልስ የምመልስ ይመስለኛል። አንዳንዴ እንዲያውም የምፈራው እንጂ የምወደው አይመስለኝም። ካላመሰገንኩ ሌላም ነገር እንዳይወስድብኝ እሰጋለሁ። አሁን ደግሞ በጸሎት ቡድናችን ምስጋና የማቅረቡ ተራ ደርሶኛል። ግብዝ መሆን አልፈልግም። ልተወው? ሰውስ እግዚአብሔርን ከልቡ የሚወደው እንዴት ነው?

ልቧ የደረቀባት

ውድ እህቴ፤

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ አባትሽ የጻፍሽው ከሁለት መስመር አይበልጥም። ወዲያው «ችግሬ ይህ አይደለም» ብለሽ አለፍሽው። እኔ ግን እሱን አልፌ መሄድ አልቻልኩም። ታች ወርደሽ ደግሞ ሌላም ነገር እንዳይወስድብኝ እሰጋለሁ ብለሻል። ይህን የምትዪው አባትሽን አስቀድመሽ ቆጥረሽ ነው። እንግዲህ በየቀኑ «ተመስገን» የምትዪው «አባቴን ወሰደብኝ» ብለሽ ለምታስቢው አምላክ ነው። ያንን ግን አንድም ቀን ለራሱ የነገርሽው አይመስለኝም። ሆድ ይፍጀው ብለሽ አምቀሽዋል። ልብሽ ዝም ቢል ታዲያ ምን ይገርማል?

ስለዚህ ከሐዘኑ እንጀምር፤ የምስጋናው ምክንያት ቀጥሎ ይመጣል።

በእምነት ቤት ያደግን ሰዎች ማንም ሳይነግረን የምንማረው ነገር አለ፤ ጥሩ አማኝ አያማርርም የሚል። ሰው ሲሞትብን «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» እንላለን። ቃሉ የኢዮብ ነው። እውነት ነው፣ ትልቅም ነው። ግን ኢዮብ ይህን ያለው ምዕራፍ 1 ላይ ነው። መጽሐፉ 42 ምዕራፍ አለው። ምዕራፍ 3 ላይ የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ከዚያ በኋላ እግዚአብሔርን ይሞግታል፤ ለምን ፊትህን ትሰውርብኛለህ ይለዋል። ወዳጆቹ ደግሞ ለእግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው «የሆነ ነገር አጥፍተህ ነው» እያሉ ይሟገቱታል። በመጨረሻ እግዚአብሔር ሲናገር ኢዮብንም ይጠይቀዋል፤ አያባብለውም። ቁጣው የነደደው ግን በወዳጆቹ ላይ ነው። እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። ያ ሁሉ ሲጮህና ሲሟገት የነበረው ሰው እኮ ነው ቅን የተባለው።

መዝሙረ ዳዊትንም ክፈቺ። የምስጋና መጽሐፍ ነው እንላለን፣ ነውም። ግን ከ150ዎቹ መዝሙሮች በርካቶቹ የሐዘን ጩኸት ናቸው፤ «እስከ መቼ?» የሚሉም አሉባቸው። አብዛኞቹ ሲጨርሱ ትንሽ ብርሃን ያያሉ። 88ኛው (በግእዙ ቁጥር 87ኛው) እሱም የለው። ቀንና ሌሊት በፊትህ ጮኽሁ ብሎ ይነሣና ጨለማ ላይ ያበቃል። ይህን መዝሙር ግን ከመጽሐፉ ያወጣው የለም። አማኞች ለብዙ መቶ ዓመታት ጸሎት ብለው ሲጸልዩት ኖረዋል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያጽናናኝ ግን ያች አንድ ሌሊት ናት። ኢየሱስ አልፎ በተሰጠባት ሌሊት እንጀራን አንሥቶ አመሰገነ። በዚያችው ሌሊት፣ ጥቂት ቆይቶ፣ ጌቴሴማኒ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ «ቢቻልስ ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» እያለ ለመነ። ምስጋናው ጭንቀቱን አላስቀረለትም። ጭንቀቱም ምስጋናውን ሐሰት አላደረገበትም። በማግስቱ ደግሞ መስቀል ላይ ሆኖ «ለምን ተውኸኝ» አለ። ያለውም «አምላኬ አምላኬ» ብሎ ነው። ቅሬታሽን ይዘሽ ወደ እሱ ብትሄጂ ከእምነት የወጣሽ አይደለሽም። ከአንቺ በፊት እሱ ራሱ የሄደበት መንገድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አልዓዛር ሲሞት ኢየሱስ ምን ሊያደርግ እንዳለ ያውቅ ነበር። ከደቂቃዎች በኋላ «አልዓዛር ሆይ፣ ወደ ውጭ ና» ይለዋል። ያም ሆኖ የአልዓዛርን እህት ማርያምን ስታለቅስ ባያት ጊዜ አብሯት አለቀሰ። «አታልቅሺ፣ አሁን አስነሣዋለሁ» ማለት ይችል ነበር። አላለም። አባትሽ ባረፈበት ቀንም የምታለቅሰውን ልጅ ትቶ እንዳልሄደ ከዚህ እረዳለሁ። ለምን እንዳልፈወሰው አልነግርሽም፤ ማንም ሰው እርግጠኛ ሆኖ ቢነግርሽም አትቀበዪው። በሐዘንሽ ጊዜ የት እንደነበረ ግን ይህ ታሪክ ይናገራል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ «ተመስገን»ን ለጊዜው ተዪውና የተሰማሽን ንገሪው። «ለምኜህ ነበር፤ አልሰማኸኝም። ከፍቶኛል። ፈርቼሃለሁ» በይው። በራስሽ ቃል፣ ማስዋብ ሳያስፈልግ። አይደነግጥም። ይህን ሳትዪ የምነግርሽ የምስጋና ምክንያት ሁሉ እንዳልሽው የፈተና መልስ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ሰው እግዚአብሔርን ለምን ይወደዋል?

በመጀመሪያ አንድ መንገድ ልዝጋብሽ። ብዙ ሰው ምስጋና ሲጎድለው «ከእኔ የባሰ አለ» ይላል። የታመመውን፣ የተቸገረውን፣ የተፈናቀለውን ያስባል፤ ከዚያ «ተመስገን» ይላል። በቅንነት የሚሉት ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። እኔ ግን አልወደውም። በሌላው ሰው መከራ ላይ ቆሞ ማመስገን ነው። የባሰበት ሰውስ በማን ያመስግን? በሉቃስ ወንጌል 18 ላይ ያለው ፈሪሳዊ «እንደ ሌሎች ሰዎች ስላልሆንሁ አመሰግንሃለሁ» ሲል ከምስጋና ቃል አንዱም አልጎደለበትም። ተቀባይነት ግን አላገኘም። የባሰበትን ሰው ካየሽ ሄደሽ እርጂው። ለምስጋናሽ መለኪያ አታድርጊው።

የምስጋናሽን ምክንያት ከራስሽ ሕይወት ፈልጊ። ያውም በጣም ቅርብ ከሆነው። አንዲት የማውቃቸው እናት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሷቸው ቀኝ እጃቸው ሽባ ሆኖ ነበር። ከወራት ልምምድ በኋላ አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ ሹራባቸውን ሲቆልፉ አየሁ። ልጃቸው ልትረዳቸው ስትነሣ በዓይናቸው ከለከሏት። አውራ ጣታቸው ቁልፉን ይገፋል፣ ሌባ ጣታቸው ይንሸራተታል፤ ቁልፉ ከቀዳዳው ጠርዝ ላይ ይመለሳል። እንደገና። ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ወጥቶ፣ እንደገና። በመጨረሻ ግማሹ ገባ፣ ከዚያ ሙሉው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ እንዳደረጉ ዓይናቸውን ጨፍነው «ተመስገን» አሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በየቀኑ ሲቆልፉ የኖሩት ቁልፍ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ስጦታ ነው ብለው አስበውት እንደማያውቁ በኋላ ራሳቸው ነገሩኝ።

አንቺ ዛሬ ጠዋት ስትለብሺ ቁልፍሽን እንዴት እንደቆለፍሽ አታስታውሺም። እኔም አላስታውስም። ደረቀ ያልሽው ልብሽ በአንድ ቀን ወደ 100 ሺህ ጊዜ ይመታል፤ አንዱንም አላዘዝሽውም። ስትተኚ የሚያስተነፍስሽ አንቺ አይደለሽም። ቅዱስ ጳውሎስ አቴና ላይ አማልክት ለሞሉት ሕዝብ ሲሰብክ ስለ እውነተኛው አምላክ የነገራቸው ይህንኑ ነው፤ ለሁሉ ሕይወትንና እስትንፋስን ሁሉንም ይሰጣል አለ። ጌታ ራሱም አባቱ ፀሐይን በክፉዎችና በበጎዎች ላይ እንደሚያወጣ ተናግሯል። ይህ ቸርነት ለማያመሰግኑትም ይደርሳል። ብናመሰግንም ባናመሰግንም በየጠዋቱ ይመጣል። ካላመሰገንኩ ይወስድብኛል የሚለውን ፍርሃትሽን ከዚህ ጋር አስተያዪው። አሥሩ ለምጻሞች ነጽተው አንዱ ብቻ ሊያመሰግን ሲመለስ፣ ኢየሱስ «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» ብሎ ጠየቀ። አዝኗል። የዘጠኙ ለምጽ ተመለሰባቸው የሚል ግን የትም አልተጻፈም።

ያዕቆብ ወንድሙን ኤሳውን ሊገናኝ ሲሄድ የጸለየው ጸሎት አለ፣ ዘፍጥረት 32 ላይ። ሌሊቱ የጭንቅ ነው። ወንድሙ 400 ሰዎች ይዞ እየመጣ ነው። በዚያ ጭንቅ መሐል ያዕቆብ «ይህን ዮርዳኖስን በትሬን ብቻ ይዤ ተሻግሬ ነበር፣ አሁን ግን ሁለት ሠራዊት ሆኛለሁ» ይላል። ካደረግህልኝ ምሕረት ትንሹ እንኳ አይገባኝም ብሎ። ልብ በይ፣ «ደግ ነህ፣ ቸር ነህ» ብሎ ብቻ አላለፈም። በትሩን አስታወሰ። ወንዙን በስሙ ጠራ። ያኔ ምን እንደነበረውና አሁን ምን እንዳለው ለየ። ምስጋና ሕይወት የሚያገኘው እንዲህ ነው፤ በደፈናው ሲሆን ይሞታል። «ስለ ሁሉም ነገር ተመስገን» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ስለ ምንም ነገር እያሰበ አይደለም። የአንቺ «በትር» ምን ነበር? ከየት ተነሥተሽ ነው እዚህ የደረስሽው? የትኛው በር ተዘግቶ የትኛው ተከፈተ? ማን ደረሰልሽ? ይህን በስሙና በቦታው ጥሪው።

በዘዳግም 8 ላይ ሙሴ ሕዝቡን የሚያስጠነቅቀው ስለ ረሃብ አይደለም።  የሚፈራላቸው በልተው ሲጠግቡ፣ መልካም ቤት ሠርተው ሲቀመጡ፣ በልባቸው «ይህን ያመጣልኝ የእጄ ብርታት ነው» እንዳይሉ ነው። ጥጋብ ያስረሳል። መርሳት ደግሞ ፍቅርን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል፣ ሳይታወቅ።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ብቆም አንቺን የቆረጠሽን ነገር አልነካሁም። ስጦታ የሚወሰድ ከሆነስ? እስትንፋስም አንድ ቀን ይቆማል፤ የአባትሽ ቆሟል። በኢዮብ መጽሐፍ ሰይጣን እግዚአብሔርን የጠየቀው ጥያቄ ይህን ነው የሚነካው። «በውኑ ኢዮብ እግዚአብሔርን የሚፈራ በከንቱ ነውን?» አለ። ስለሰጠኸው ነው የሚወድህ፣ ውሰድበትና እናያለን ማለቱ ነው። ጥያቄው ከባድ ነው። አንቺም በራስሽ ላይ የጠየቅሽው እሱኑ ነው። ፍቅርሽ ንግድ እንዳይሆን ፈርተሻል። ይህ ፍርሃትሽ ጥሩ ፍርሃት ነው።

ለዚህ ነው አማኝ ሁሉ፣ የሞላለትም የጎደለበትም፣ ከሥጋ ስጦታ ያለፈ ምክንያት የሚያስፈልገው። እሱም ይቅርታ ነው። ይህን ስልሽ «እሱንም አውቀዋለሁ» እንደምትዪ ይገባኛል። «ሞቶልኛል» ብለሽ ጽፈሻል። ግን ሌላም ነገር ጽፈሻል፤ ከባድ የሚባል ጥፋት ውስጥ ገብቼ አላውቅም ብለሽ። በትዕቢት እንዳልጻፍሽው ደብዳቤሽ ይመሰክራል። ነገር ግን እንደኔ አስተያየት ከሐዘንሽ ቀጥሎ ያለው ሌላው የድርቀትሽ ምንጭ እሱ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሉቃስ ምዕራፍ 7ን አንብቢ። ስምዖን የተባለ ፈሪሳዊ ኢየሱስን ቤቱ ጠርቶታል። አንዲት በከተማው በኃጢአቷ የታወቀች ሴት ሳትጠራ ገባች። በስተኋላው በእግሩ አጠገብ ቆማ እያለቀሰች እግሩን በእንባዋ አራሰች፣ በጠጉሯ አበሰች፣ ሳመችው፣ ሽቱ ቀባችው። ስምዖን በልቡ ተጸየፈ። ኢየሱስም እንዲህ የሚል ታሪክ ነገረው። ለአንድ አበዳሪ ሁለት ተበዳሪዎች ነበሩት። አንዱ 500 ዲናር፣ ሁለተኛው 50 ዲናር ነበረበት። አንድ ዲናር በዚያ ዘመን የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነበር። እንግዲህ አንዱ ያለበት የ500 ቀን ላብ ነው፤ ሌላው ያለበት የ50 ቀን። የሚከፍሉት ቢያጡ ለሁለቱም ተወላቸው። ማንኛው አብልጦ ይወደዋል? ስምዖን «ብዙ የተወለቱ ይመስለኛል» አለ። ልክ ነህ ተባለ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ሴትዮዋ ነው። አንቺና እኔ ግን ስምዖንን ማየት አለብን። ስምዖን ክፉ ሰው አይደለም። ጌታን ቤቱ ጋብዟል። ሕግ ያከብራል። የፍቅር ምልክት ግን ከእጁ አልወጣም። ለእግሩ ውኃ አልሰጠውም፣ አልሳመውም፣ ራሱን ዘይት አልቀባውም። ሁሉም በሥርዓት ሆኖ ሁሉም ቀዝቃዛ ነበር። ለምን? ያለበት ዕዳ ስላልተሰማው። 50 ዲናር እንኳ እንዳለበት አላሰበም። በታሪኩ ውስጥ ደግሞ ትልቁ ነገር የዕዳው ልዩነት አይደለም። ሁለቱም የሚከፍሉት አልነበራቸውም። የ50ው ባለዕዳ ነጻ የወጣው ዕዳው ስላነሰ ሳይሆን ስለተተወለት ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ እግዚአብሔርን አብልጦ ለመውደድ ሄዶ ትልቅ ኃጢአት መሥራት አያስፈልግም። ትንሽ የመሰለንን ዕዳ በትክክል ማየት ይበቃል። እህትሽ አጠገብሽ ስታለቅስ ምን አሰብሽ? ቀናሽባት? ይህች ደግሞ ታበዛዋለች አልሽ? ሰውን በፊቱ ስታመሰግኚ ኖረሽ በሌለበት ስንቱን ነገር አልሽው? ማድረግ እየቻልሽ ዝም ያልሽበት፣ ደውዪ ሲልሽ ልብሽ ያልደወልሽለት ሰው ማን ነው? ጥሩ ልጅ ተብሎ መታወቅን ምን ያህል ትወጂዋለሽ? ይህን የምጠይቅሽ ላሸማቅቅሽ አይደለም። እነዚህን አንድ በአንድ እግዚአብሔር እንደሚያውቃቸው፣ እያወቀም እንዳልተጸየፈሽ ስታዪ «ሞቶልኛል» የሚለው ቃል ከፈተና ወረቀት ላይ ይነሣል። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የጻፈው ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞተ ብሎ ነው። ስንታረም ቆይቶ አይደለም። ደግ ሆነን ስላገኘን አይደለም። ለጥሩ ልጅ ይህን መቀበል ከመጥፎ ልጅ ይልቅ ይከብዳታል፤ ምክንያቱም በሥራዋ የተወደደች ሲመስላት ኖራለች። በሥራው የሚወደድ ሰው ደግሞ ሁሌም ይፈራል። ነገ ብደክምስ ይላል። አንቺ የጻፍሽልኝ ፍርሃት ከዚህም ይመጣል ብዬ አስባለሁ።

ሐዋርያው ዮሐንስ በመጀመሪያ መልእክቱ ይህን በአንድ መስመር ጨርሶታል፤ እርሱ አስቀድሞ ወዶናልና እኛ እንወደዋለን አለ። ከዚያው አጠገብ ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ ይጥላል ብሏል። ቅደም ተከተሉን ያዢ። የአንቺ ፍቅር መልስ ነው እንጂ መነሻ አይደለም። ውለታ መመለስም አይደለም። መዝሙረኛው «ስላደረገልኝ ሁሉ ለእግዚአብሔር ምንን እመልሳለሁ?» ብሎ ጠይቆ የመለሰው መልስ ደስ ይለኛል፤ የመድኃኒትን ጽዋ እቀበላለሁ ይላል። ምን ልስጥ ብሎ ጠየቀ፣ እቀበላለሁ አለ። የምንሰጠው እንኳ ከእሱ ተቀብለን ነው።

ከይቅርታም በኋላ አንድ ምክንያት ይቀራል። ስለ እሱ ብዙ መናገር አልችልም፤ ብዙ የሚነገርበትም አይመስለኝም። እግዚአብሔር ራሱ ነው። ኢዮብ በመጨረሻ «መስማትንስ በጆሮ ሰምቼ ነበር፣ አሁን ግን ዓይኔ አየችህ» አለ። ይህን ሲል ልጆቹ አልተተኩለትም፤ በጎቹ አልተመለሱም፤ ቁስሉ መዳኑ አልተጻፈም። ሀብቱ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ለጥያቄዎቹ እንኳ ማብራሪያ አልተሰጠውም። እሱን አየና አረፈ። ሰይጣን ለጠየቀው ጥያቄ መልሱ ይህ ነበር። እዚህ የሚደርስ ሰው በቀስታ ነው የሚደርሰው። አብዛኛውን ጊዜም የሚደርሰው አንቺ አሁን ባለሽበት መንገድ አልፎ ነው። ስጦታውን ያጣ ሰው ሰጪውን ለብቻው የሚያይበት ቀን ይመጣል።

ስለ እህትሽ እንባ በአጭሩ ልበል። እንባ ጸጋ ነው፤ ለሁሉም ግን በአንድ ጊዜ አይሰጥም። የሰው ተፈጥሮም ይለያያል። ጌታ ጴጥሮስን ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ብሎ ሲጠይቀው፣ በየመልሱ ያዘዘው በጎቹን እንዲጠብቅ ነው። ምን ያህል ይሰማሃል አላለውም። አባትሽን ስታስታምሚ ሌሊት የተነሣሽባቸው ጊዜያት፣ ልብሱን ያጠብሽባቸው፣ ጉሮሮው ሲደርቅ ውኃ ያቀመስሽበት፣ እነዚያ ሁሉ ለእግዚአብሔር ፍቅር አልነበሩም ብለሽ ታስቢያለሽ? ታምሜ ጠይቃችሁኛል ያለው እሱ አይደለም እንዴ? ደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽውም፤ ግን «ብዙ ጸለይኩ» ያለች ልጅ ቁጭ ብላ ብቻ እንዳልጸለየች እገምታለሁ።

ግብዝነት ያልተሰማሽን እንደተሰማሽ አድርገሽ ማሳየት ነው። ሳይሰማሽ ማመስገን ግን ሌላ ነገር ነው። ልብ ሲደክም አፍ ይቀድማል፤ ልብ ይከተላል። ብቻ ጥድፊያውን ቀንሺ። በቀን መቶ ጊዜ ሳታስቢ ከምትዪው አንድ ጊዜ ቆም ብለሽ ስለ አንድ ነገር በዪ። ማታ ከመተኛትሽ በፊት የዛሬውን ቀን ከጠዋቱ ጀምረሽ ተከተዪውና አንድ ነገር አውጪ። ትንሽ ይሁን። «ጠዋት እከሌ ሳልጠይቀው ዕቃዬን ተሸከመልኝ» ይበቃል። በማግስቱ ሌላ አውጪ፤ የትናንቱን አትድገሚ። የተሸከመልሽንም ሰው በአካል አመስግኚው። ያየውን ወንድሙን የማይወድ ያላየውን እግዚአብሔርን እንዴት ይወደዋል የተባለው ለምስጋናም ይሠራል። ለሰው «አመሰግናለሁ» ማለት የሚያስቸግረው ሰው ለእግዚአብሔር ሲል ቃሉ ይከብደዋል።

አንዳንድ ቀን ምንም የሚወጣ ነገር ካጣሽ መዝሙር 136ን (በግእዙ 135ን) ውሰጂ። 26 ቁጥሮች አሉት። በእያንዳንዱ ላይ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ይላል። ከሰማይና ከምድር ፍጥረት ይጀምራል፣ በቀይ ባሕር ያልፋል፣ ለሥጋ ለባሽ ሁሉ ምግብን ይሰጣል ብሎ ወደ ዕለት ተዕለቱ ይወርዳል። ቀስ ብለሽ አንብቢውና ስትጨርሺ የራስሽን 27ኛ መስመር ጨምሪበት። ስለ አባትሽ የሚናገር መስመር ቢሆን ደስ ይለኛል።

ተራውን በተመለከተ፤ አትተዪው። ግን ያልሆነውን ሆነ አትበዪ። ሌላው ሰው እንዳቀረበው ዓይነት ምስጋና ማቅረብ የለብሽም። ተነሺና እንዲህ በያቸው፤ «አባቴ እንዲድን ለምኜ ነበር። አልዳነም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ እግዚአብሔርንም ገና እየጠየቅሁት ነው። ግን እሱን አባት አድርጎ ስለሰጠኝ አመሰግነዋለሁ።» ከዚያ ስለ አባትሽ አንድ ነገር ንገሪያቸው፣ አንቺ ብቻ የምታውቂውን፤ ሲስቅ እንዴት እንደነበረ፣ ስምሽን እንዴት እንደሚጠራው፣ ጸሎት ሲያስተምርሽ ምን ይልሽ እንደነበር። ደቂቃ አይፈጅም። በዚያ ክፍል ውስጥ የሆዱን በሆዱ ይዞ «ተመስገን» የሚል ሌላ ሰው አይጠፋም፤ ለእሱ ከሰማው ምስክርነት ሁሉ የአንቺው ሊበልጥበት ይችላል። እንባ ከመጣ ይምጣ። ካልመጣም የምትዪውን ብለሽ ጨርሺና ተራውን ለሚቀጥለው ሰው ልቀቂለት።